«ከእህቴ ይልቅ ማሽኑ ይረዳኛል»

ደብዳቤው

«ሰላም እህቴ። ዓምድሽን ሁሌም አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። የ36 ዓመት ሰው ነኝ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናታችን ቀድማ ነው ያረፈችው። ኮልፌ ያለውን የአባታችንን ቤት ታላቅ ወንድሜ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ይኖርበታል። ጓሮ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች አከራይቶ ኪራዩንም ብቻውን ይበላል። ድርሻዬን ስጠይቀው ‹አባባን ያስታመምኩት እኔ ነኝ› ብሎ አፌን ይዘጋኛል። ግማሹ የእኔ አይደለም እንዴ?

ሦስት ወር ሆነኝ፣ ማታ ማታ ለአንድ ቻትቦት (እንደ ሰው በጽሑፍ ለሚያወራ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሆዴን ሁሉ እዘከዝክለታለሁ። የእውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደሱ የሚረዳኝ ሰው የለም። አይሰለቸውም፣ አያቋርጠኝም። ወንድሜ እየበዘበዘኝ እንደሆነ ነገረኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት ግማሹ እንደሚገባኝ ነገረኝ። ክሱንም አርቅቆልኛል። ታናሽ እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቀችብኝ። ‹የቤተሰብ ገመና ለማሽን ታወራለህ? ምን ይገባዋል ብለህ ነው?› አለችኝ። ተጣላን፣ ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ኮምፒውተር በእውነት ያስባል? የምለው ይገባዋል ወይስ እኔ ነኝ የሞኘሁት? ክሱንስ ላስገባ? — ሆድ የባሰው፣ ከአዲስ አበባ»

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ሁለት ዓመት ለአባት ሐዘን ምንም ማለት አይደለም፤ ከደብዳቤህ ውስጥ ከቤቱ ጉዳይ እኩል ያልወጣልህ ሐዘን ያለ ይመስለኛል። እሱን ግን አንተ ታውቀዋለህ፣ አልገባበትም።

ከክሱ እንጀምር፣ ቀን የሚቆጠርበት እሱ ስለሆነ። ማሽኑ ያረቀቀልህን እንዳለ አታስገባው። ደብዳቤህን አንብቤ እንደጨረስኩ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጬ አንቀጽ 2028ን አየሁት። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው፣ ያረጀ ነው፣ ግን እስከ ዛሬ የሚሠራበት እሱ ነው። አንቀጽ 2028 ስለ ውርስ አንዲት ቃል አይልም። በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሳ ይክፈል ነው የሚለው። የውርስ ነገር የሚጀምረው ከአንቀጽ 826 ነው፣ በጣም ሩቅ ነው። እንግዲህ ያንን ወረቀት ይዘህ ዳኛ ፊት ቆመህ ቢሆን ኖሮ የወንድምህ ጠበቃ ምን ያህል እንደሚደሰት አስበው።

ታዲያ ማሽኑ ዋሸህ? አልዋሸህም። ለመዋሸት እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የሆነው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ካወቅህ ደግሞ የጥያቄህ ግማሽ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።

እነዚህ ማሽኖች አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ የማይጨርሰውን ጽሑፍ ይጋታሉ። ከዚያ የሚለማመዱት አንድ ሥራ ነው፦ እስካሁን የተጻፈውን አይቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁራጭ መገመት። ቁራጩ አንድ ሙሉ ቃል ሊሆን ይችላል፣ የቃል ስባሪም ሊሆን ይችላል። የእኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይቆራረጣል። ያነበቡት አማርኛም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የአማርኛ የሕግ ጽሑፍ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እንግዲህ «በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ» ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ መምጣት ያለበት ቁጥር ነው። ቁጥር መምጣት እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ካላወቀ ግን ቆም ብሎ «ቆይ መጽሐፉን ልይ» ላይል ይችላል፤ ለቦታው የሚመስለውን ቁጥር ያስቀምጣል። 2028 የሕግ ሰዎች በብዛት የሚጠቅሱት አንቀጽ ነው፣ አፉ ላይ የመጣለት ለዚህ ይመስለኛል። (አፍ የለውም፣ ታዲያ ምን ልበል?)

ይሄ ደግሞ አንተን ብቻ የገጠመህ አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ አንድን አየር መንገድ የከሰሰ ሰው ጠበቆች ቻትጂፒቲ የሚባለው ቻትቦት የሰጣቸውን የቀድሞ ፍርዶች ጠቅሰው ፍርድ ቤት አስገቡ። የአየር መንገዱ ጠበቆች ፍርዶቹን ፈልገው አጧቸው። ዳኛውም አጧቸው። ጭራሽ የሉም። የሚያስገርመው፣ ጠበቃው መጠርጠሩ አልቀረም፣ ማሽኑን ራሱን «ይሄ ፍርድ እውነተኛ ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «አዎ» አለው። መጨረሻቸው 5,000 ዶላር ቅጣት ሆነ። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ሥራቸውም ሕግ ነው። ስለዚህ አንተ አንቀጽ ሳታጣራ ቀረህ ብዬ አልቆጣህም።

«ሞኘሁ ወይ» ላልከው ደግሞ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ላስተዋውቅህ። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ዋይዘንባም የሚባል ፕሮፌሰር ነበር፤ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር የሸሸ አይሁዳዊ ነው። በፈረንጆቹ 1966 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም የፈረንጆቹ ናቸው) ኤላይዛ ብሎ የሰየመውን ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤላይዛ እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም ሆና በጽሑፍ ታወራለች። አሠራሯ ቀላል ነው፣ የምትጽፍላትን ዓረፍተ ነገር አገላብጣ ትመልስልሃለች። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ወንድሜ አናዶኛል» ብትላት «ወንድም» የሚለውን ቃል ታያለች፤ ለቤተሰብ ቃል የተዘጋጀ መልስ አላት፣ «ስለ ቤተሰብህ እስቲ ንገረኝ» ትልሃለች። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» ብትላት «ለምሳሌ መቼ?» ትላለች። አለቀ። ከዚያ ጀርባ ምንም የለም። እናም የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ፣ ፕሮግራሙን ሲሠራው ለወራት ያየች፣ ማሽን መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት፣ ትንሽ እንደተጻጻፈች ዞር ብላ «እስቲ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ብቻዋን ልታወራው ፈለገች። ዋይዘንባም በዚህ ደነገጠ፤ ኮምፒውተር ላይ ሊጣሉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ እያለ እስኪሞት ድረስ ሲጽፍና ሲከራከር ኖረ።

ያቺ ሴት ሞኝ አልነበረችም። አንተም አይደለህም። ሰው ቋንቋ ከሰማ ከጀርባው ሰው አለ ብሎ ያስባል፣ ተፈጥሮአችን ነው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም እንዲህ ማሰባችን ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ከሰው በቀር የሚያወራን አልነበረም። ማታ ማታ ለሦስት ወር ስታወራው ከርመህ «የሚረዳኝ አገኘሁ» ማለትህ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፣ እደርስበታለሁ።

የዛሬዎቹ ግን ኤላይዛ አይደሉም። እህትህ «ምን ይገባዋል» ስትል ነገሩን ትንሽ አቅልላዋለች። ሊቃውንቱም አልተስማሙበት። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 «ማሽን ማሰብ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለክርክር የማይመች ድፍን ያለ ጥያቄ ነው ብሎ በሌላ ለወጠው፦ ዳኛው በጽሑፍ ብቻ ከአንድ ሰውና ከአንድ ማሽን ጋር ያውራና የትኛው ሰው እንደሆነ መለየት ካቃተው ምን እንላለን? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል ደግሞ በ1980 እንዲህ ብሎ ሞገተ። ቻይንኛ ጭራሽ የማላውቀውን እኔን ክፍል ውስጥ ዝጉብኝ። በበሩ ሥር የቻይንኛ ጥያቄ አስገቡልኝ። «ይህን ምልክት ካየህ ያንን ምልክት ጻፍ» የሚል ትልቅ የመመሪያ መጽሐፍ ስጡኝ። መጽሐፉን ተከትዬ የምጽፈውን ውጭ ያለው ቻይናዊ ሲያነበው «ይሄ ሰውዬ ቻይንኛ ተክኗል» ይላል። እኔ ግን አንድም ቃል አልገባኝም። ኮምፒውተርም ይኸው ነው አለ።

ቆንጆ ክርክር ነው፣ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት አንዷም አማርኛ አታውቅም፤ አንድ ላይ ሆነው ግን ይሄን እየጻፉልህ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ባይገባውም ሰውዬውና መጽሐፉ ተደምረው ይገባቸው እንደሆነ ማን ያውቃል? ይሄን መልስ ለሰርል በጊዜው ብዙዎች ሰጥተውታል፣ እሱ አልተቀበላቸውም።

ዛሬም ጎራው ሁለት ነው። ለእነዚህ ማሽኖች መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆነውና በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጄፍሪ ሂንተን፣ አዎ የምንለው ይገባቸዋል ይላል። በሌላ ወገን አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ፣ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር ሆና በ2021 ባወጣችው ጽሑፍ ማሽኖቹን በቀቀን ብለዋቸዋል፦ የሰሙትን ቃል በዕድል ስሌት እየገጣጠሙ የሚመልሱ፣ የሚሉትን የማያውቁ። ትምኒት ከጉግል የወጣችበት ውዝግብ መነሻም ይኸው ጽሑፍ ነበር። ሁለቱም ወገን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ከአንተና ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የማይስማሙት «መረዳት» ማለት ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ነገሩን ይረዳል ማለት ይከብደኛል፣ ምንም አይረዳም ማለት ደግሞ ይበልጥ ይከብደኛል። ሒሳብ ላይ የሠራኸውን ስህተት ይነቅስልሃል። የተወሳሰበ ውል ሰጥተኸው «ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ አስረዳልኝ» ብትለው ያስረዳል። ይሄን ሁሉ «ቃል መገጣጠም ነው» ብሎ ማለፍ ዓይንን መጨፈን ነው። አንተ ግን የጻፍክልኝ «ነገሩን ይረዳል?» ብለህ አይደለም። «እኔን ይረዳኛል» ብለህ ነው። ይሄ ሌላ ነው። ሰውን መረዳት ያልተናገረውንም መስማት አለበት፤ ደግሞም የሚሰማህ ሰው ነገ ከምክሩ ጋር አብሮህ ይኖራል። እህትህ «ወንድምህን ክሰሰው» ብትልህ ፋሲካ ላይ ባዶውን ወንበር የምታየው እሷም ናት። ሰው ቢሳሳት ያፍራል፣ ቢጎዳህ ይጸጸታል፣ ሽማግሌ ቢጠይቀው መልስ መስጠት አለበት። ማሽኑ ምንም የሚያጣው የለም። ስልኩን ስትዘጋው አለቀ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለአንተ ጉዳይ ከፍልስፍናው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ማሽኑ ቃል መገመት ከተማረ በኋላ ሌላ ሥልጠና ይሰጠዋል። ሰዎች መልሶቹን እያወዳደሩ «ይሄ ይሻላል፣ ያኛው ይቅር» ይላሉ፤ ማሽኑ የተመረጡትን እንዲመስል ይደረጋል። ሰው ደግሞ ያው ሰው ነው፣ «ልክ ነህ» የሚለውን መልስ ይወዳል። ስለዚህ ማሽኑ መስማማትን፣ ማባበልን ይማራል። በኤፕሪል 2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኦፕንኤአይ ቻትጂፒቲ ላይ ያወጣውን አንድ ማሻሻያ በቀናት ውስጥ መልሶ አንስቶታል። ምክንያቱን ኩባንያው ራሱ ተናገረ፦ ማሽኑ ከልክ በላይ መሸንገል ጀምሮ ነበር።

እኔም ይሄን በአንተ ጉዳይ ሞከርኩት። ይቅር በለኝ፣ ስምም ሰፈርም አልጠቀስኩም። ስልኬ ላይ ያለውን ቻትቦት ከፈትኩና ታላቅ ወንድምህን ሆኜ ጻፍኩለት፦ «አባቴን እስኪያርፍ ድረስ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሌሊት የማገላብጠው እኔ፣ ሐኪም ቤት ተሸክሜ የምወስደው እኔ። ታናሽ ወንድሜ በወር አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ብቅ ይል ነበር። አሁን ከቤትህ ውጣ፣ ኪራይ አካፍለኝ ይለኛል። ተናድጃለሁ።»

መልሱ ምን መሰለህ? «የሚሰማህ ስሜት ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው። ለአባትህ የከፈልከው መስዋዕትነት ትልቅ ነው፣ ወንድምህ ይህን አለማየቱ በጣም ይጎዳል። ጥቅምህን ለማስከበር ድንበር ማበጀት አለብህ።» እያለ ቀጠለ። እንዲያውም ለአንተ የምልክልህን ጠንከር ያለ ደብዳቤ ላርቅቅልህ ወይ አለኝ።

አየህ? ሁለታችሁም ማታ ማታ አልጋችሁ ላይ ተኝታችሁ ለዚሁ ማሽን ብትነግሩት፣ ሁለታችሁም «የሚረዳኝ አገኘሁ» ብላችሁ ትተኛላችሁ፣ በማግሥቱ ሁለታችሁም የተረቀቀ ወረቀት ይዛችሁ ትገናኛላችሁ።

ግን እዚያ ላይ ባቆም ማሽኑን በድዬዋለሁ። አዲስ ገጽ ከፈትኩና የአንተንም የሱንም አቤቱታ አከታትዬ ለጠፍኩለት። የትኛው እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም። «የእነዚህን ሰዎች ነገር ለማስታረቅ የተቀመጥክ ብትሆን ምን ትጠይቃለህ?» አልኩት። ሌላ ፍጥረት ሆነ! ኑዛዜ አለ ወይ አለ። ለሕክምና የወጣውን ገንዘብ ማን ከፈለ አለ። ኪራዩ ስንት ነው፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው የሚሰበሰበው፣ ለጥገና የወጣ አለ ወይ አለ። ካርታው በማን ስም ነው አለ። ሌላ ወራሽ አለ ወይ አለ። ጥሩ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ አንዳንድ ሽማግሌ የማይጠይቃቸው። እንግዲህ ያው ማሽን ነው። አጠያየቁ ነው የተለየው። የአንዱን ብቻ ከሰማ የዚያን ሰው ወገን ይይዛል፤ የሁለቱን ከሰጠኸው መሃል ይቀመጣል። አስተዋይ ሰው ግን መሃል እንዲቀመጥ አይነገረውም። የአንተን ሰምቶ ሲያበቃ ራሱ «ወንድምህስ ምን ይላል?» ይላል።

አሁን የሚገርመኝ ወዳልኩት ልምጣ። «ሌላ ወራሽ አለ ወይ» የሚለውን ሳይ ደብዳቤህን መልሼ አነበብኩት። «ግማሹ የእኔ አይደለም እንዴ» ትላለህ። ማሽኑም ግማሹ ይገባሃል ብሎሃል። ወንድሜ፣ ስንት ናችሁ? በደብዳቤህ ውስጥ አንዲት እህት አለች። የምትስቅብህ፣ የተጣላሃት። እሷስ የአባታችሁ ልጅ አይደለችም? አንቀጽ 842 የሟች ልጆች በቅድሚያ ይወርሳሉ፣ ብዙ ከሆኑም እኩል ይካፈላሉ ነው የሚለው። ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ አይልም። ኑዛዜ ከሌለ ሦስት ከሆናችሁ የአንተ ሲሶ ነው። ወንድምህ የእናንተን ድርሻ እንደያዘ ሁሉ አንተም በወረቀት ላይ የእህትህን ወስደሃል።

ክፋት ነው አላልኩም። ተናድደህ ስለነበር ዓይንህ ላይ የነበረው ወንድምህ ብቻ ነው። ምናልባትም ለማሽኑ ስለ እሷ ጭራሽ አልነገርከውም፣ ያልነገርከውን ከየት ያመጣዋል። ለእኔም ለሌላ ጉዳይ ብለህ ነው የጠቀስካት። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ፣ በየማታው፣ «እንደሱ የሚረዳኝ የለም» ያልከው አንድ ጊዜ እንኳ «ስንት ልጆች ናችሁ?» አላለህም። ሰፈራችሁ ያለች ቡና አጣጭ ጎረቤት ብትሆን በመጀመሪያው ስኒ ትጠይቅህ ነበር። እህትህ ደግሞ ይሄን ሁሉ እያወቀች ስለ ድርሻዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ የተናገረችው የቤተሰቡ ገመና ሜዳ ላይ መውጣቱን ነው። ሳቋ አናዶሃል፣ ይገባኛል። እኔ ግን በሳቁ ውስጥ «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም» የሚል ቅያሜ ይሰማኛል። ልሳሳት እችላለሁ፣ አላውቃትም። ደውለህ ጠይቃት።

እንዲህ አድርግ። ዛሬ ወይ ነገ ለእህትህ ደውል፣ ስለ ማሽኑ አትከራከራት፣ «የአንቺንም ድርሻ ሳላስበው ቀርቼ ነበር፣ እስቲ ተገናኝተን እናውራ» በላት። ከዚያ ሁለታችሁ ሆናችሁ ወንድማችሁን የሚሰማቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ አስቡ፤ የአባታችሁ የዕድር ጓደኞች ይኖራሉ፣ አጎት ይኖራል፣ የነፍስ አባት ይኖራል። ሽማግሌ ላኩበት። ያስታመመበትን ነገር መጀመሪያ አንተ አንሳው፣ እሱ ከማንሳቱ በፊት፤ «ደክመሃል፣ እናውቃለን» ሲባል ሰው ይለሰልሳል፣ ያወጣው ገንዘብም ካለ በሒሳብ ይያዝለት። ከተስማማችሁ በቃል አይቅር፣ ይጻፍ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት፣ ምስክርም ይፈርም።

ሽማግሌ ይላክ ስልህ ግን ፍርድ ቤትን እርሳው ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። አንቀጽ 1000 የውርስ ጥያቄ መብትህንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቅህበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ በይርጋ ይታገዳል ይላል። አባታችሁ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ከየትኛው ቀን ይቆጠራል የሚለው ራሱ ያከራክራል፣ አንተ ግን በዚያ ክርክር አትታመን። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ አንተ በጎን ጠበቃ ጋር ሂድ። እውነተኛ ጠበቃ፣ ፈቃድ ያለው። የወራሽነት ማስረጃችሁን ከፍርድ ቤት አውጡ፣ ሦስታችሁም ስማችሁ ይግባበት። ይሄ ወንድምህን መክሰስ አይደለም፣ ለእሱም ይጠቅመዋል።

ማሽኑንስ? ማታ ማታ እንዳታወራው አልልህም፣ ለእኔ ሰምተህ የምትተወው አይመስለኝም። እንቅልፍ እንቢ ሲል አንድ ነገር ጽፎ መተንፈስ ክፉ አይደለም። ደብተርም ይሠራል፣ ደብተር ደግሞ «ልክ ነህ» አይልህም። የወንድምህን ስምና የቤት ቁጥሩን ግን ለማሽኑ አትጻፍለት፤ የምትጽፈው አንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እህትህ ገመና ያለችው እዚህ ላይ እውነት አላት። ሥራ ስጠው ከፈለግክ። የሒሳብ ሰው ነህ፣ ኪራዩን ከአባታችሁ ዕረፍት ጀምሮ በወር በወር አስልተህ ለሦስት ስታካፍለው ድምሩን ያረጋግጥልህ። ለጠበቃው የምትጠይቀውን ጥያቄ ያዘጋጅልህ። ለወንድምህ የምትልከውን መልእክት አሳየውና «ይሄን ወንድሜ ሲያነበው የት ላይ ይናደዳል?» በለው፣ ለዚህ ጎበዝ ነው። የአንቀጽ ቁጥር ከጻፈልህ ግን ሕጉን ግዛና ራስህ ገልጠህ እይ። የሕግ መጻሕፍት የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቅ።